ከኪስ የወጣ መቀስ

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ነጭ ጫማ ገዛሁ። ቤት ገብቼ መስኮት አጠገብ ሳየው ቀኙና ግራው አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። አንዱ ወተት፣ አንዱ ትንሽ ሻይ ጠብ ያለበት ወተት። ሱቁ ውስጥ መብራቱ ደብዛዛ ነበር... ሆን ብሎ ነው። ደግሞ ነጋዴው "ይሄን አድርገሽ ቀኑን ሙሉ ዋርድ ብትቆሚ አይደክምሽም" አለኝ። ነርስነት ልማር መሆኔን ማን ነገረው?

ለወንድሜ ነገርኩት፤ ሳቀ። "ነጭ ጫማ ከነርስና ከሙሽራ በቀር ማን ይገዛል? አንቺ ደግሞ ሙሽራ አትመስዪም።"

ትምህርት ቤቱ ያዘዘው ዕቃ ገና ብዙ ነው። ጋውን፣ የልብ ማዳመጫ፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሰዓት፣ ትንሽ ባትሪ፣ ሜትር፣ የፋሻ መቀስ... ሁሉንም ያላሟላ ክፍል አይገባም ብለዋል። ማዳመጫውን ወንድሜ ከታክሲ ሥራው አጠራቅሞ ገዝቶልኛል። እሱን እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ደረሰኙን አይቻለሁ። ጋውኑ ልብስ ሰፊው ጋ ነው። የቀረውን እማዬ "ለኔ ተዪው" አለች።

ለኔ ተዪው? በምን አቅሟ?

የካቲት 7፣ ረቡዕ

ልብስ ሰፊው ጋ ደረስኩ። የሰጠሁት ጨርቅ ያጠረ መሰለኝ። "ውሃ ነክቶት ተሰብስቦ ነው" አለ። ማን ውሃ አስነካው? ቁርጥራጩን በሙሉ አስመልሼ መጣሁ። ምን እንደማደርግበት አላውቅም። እሱ ጋ ግን አይቀርም።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

እማዬ ሰዓት አመጣችልኝ። በሻሿ ጠቅልላ፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ። አዲስ አይደለም። መስታወቱ ተጭሯል፣ መርፌ ቁልፉም ጎበጥ ብሏል። ይሠራል ግን። የሰከንዷ ዘንግ ቀጥ ብላ ትሮጣለች።

"ከየት አመጣሽው?"

"ተሰጠኝ።"

"ማን ሰጠሽ?"

"ሰዎች።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ኧረ በሕግ! ነርስ ልሁን ትያለሽ እንጂ አንቺ የተፈጠርሽው ለዓቃቤ ሕግነት ነው።" ይቺን ስም ያወጣችልኝ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ስኳሩን ማን እንደቀነሰው ለማወቅ ቤተሰቡን ሁሉ ምላስ አስወጥቼ ስላየሁ።

ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ሳቋ ግን ትንሽ ፈጠነ።

እማዬ የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የሐኪሙ ጋውን፣ የነርሷ ጋውን፣ የበሽተኛው አንሶላ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ሰዓት ደግሞ ከነርስ ጋውን ላይ ነው የሚንጠለጠለው...

አይ። እዚህ ላይ ላቁም።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ለምዝገባ ተሰልፌ ዋልኩ። ከፊቴ መነጽር ያደረገች ልጅ ነበረች፤ ወሬኛ፣ ግን ደግ ትመስላለች። (ትመስላለች ነው ያልኩት።) ዕቃዋን ሁሉ አሟልታለች። አክስቷ ነርስ ናት። "አክስቴ መቀሷ ቀለበት ውስጥ የጥፍር ቀለም ትቀባለች፤ ምልክት። ዋርድ ላይ መቀስና ባል ምልክት ካላደረግሽበት ያነሱብሻል ትላለች" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "የአንቺስ ቤተሰብ? ከሙያው ሰው አለ?"

"እናቴ ሆስፒታል ነው የምትሠራው።"

"ውይ፣ ሐኪም ናት?"

"አይ... አስተዳደር አካባቢ።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም።

ሌላም ነገር ሰማሁ። የተግባር ልምምድ የምንወጣው እማዬ ያለችበት ሆስፒታል ነው።

የካቲት 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ትንሿ ባትሪ መጣች። የዓይን ብሌን የሚታይባት። ጎኗ ላይ የተላጠ ወረቀት አለ፤ የሆነ ነገር ተለጥፎባት የነበረ።

"ይሄስ?"

"ተሰጠኝ አልኩሽ እኮ።"

አልጠየቅሁም ከዚያ በኋላ። አየኋት ብቻ። እሷም እያየኋት መሆኑን አየች።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

ገበያ ደርሼ ስመለስ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ውስጡ ብረት ነገር ቂው ቂው ይላል። ክዳኑን ገለጥ ሳደርግ... መቀስ! የፋሻ መቀስ፣ ጫፉ ደነዝ ያለው፣ ልክ የታዘዘው ዓይነት።

መቀስ ይቀቀላል እንዴ?

እማዬ አወጣችው፤ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ታሸው ጀመር። እጀታውን በተለይ። "ምን እያጠፋሽ ነው?" አልኳት።

"ዝገት።"

ውሃ ልትደፋ ስትወጣ አንስቼ አየሁት። ዝገት ብቻ አይደለም። ከቀለበቱ ውስጥ፣ ሽቦው ያልደረሰበት ቦታ፣ ቀይ ነገር ቀርቷል። በጥፍሬ ነካሁት። የጥፍር ቀለም ነው።

 ይሄ መቀስ ባለቤት አለው።

የካቲት 18፣ እሑድ

ሬዲዮ መጣች። እማዬ የምትሠራበት ክፍል ካውያ ላይ የምትቆም ሴት ናት፤ ወሬዋ ስለማይቋረጥ ነው ሬዲዮ የሚሏት። እኔ ፊት ለፊት እትዬ ነው የምላት። እሷ ስትመጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ድምጿ አጥር አይገድበውም። ዛሬ ግን በር ላይ ቆመው ሲሸኛኙ አንሾካሾከች። ሬዲዮ! ስታንሾካሹክ ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

"እንዳትነግሪያት። ካወቀች አትነካውም።"

"እስከ መቼ ልደብቃት ነው? ዓይኗ እኮ እንደ ጉምሩክ ነው።"

"ትምህርቱን ትጀምር ብቻ። ሜትሩን ሳምንት አወጣልሻለሁ።"

አወጣልሻለሁ። ከየት?



የካቲት 20፣ ማክሰኞ

ለወንድሜ ነገርኩት። ታክሲዋን እያጠበ ነበር፤ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ጣለው።

"እናትሽን ሌባ ልትዪ ነው?"

"አላልኩም።"

"አፍሽ አላለም። ፊትሽ ብሏል።"

"ታዲያ ከየት ነው የምታመጣው? ንገረኝ!"

"ጠይቂያት።"

"ጠይቄያታለሁ!"

"እንደ ልጅ ነው እንደ ፖሊስ?"

 እሱ ምን አለበት! ነገ የሰው ሰዓት ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ የሰው መቀስ ኪሴ ከትቼ ባለቤቶቹ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። አንዷ ነርስ "ይሄ የኔ ነው" ካለች አለቀ። እኔ ከትምህርት ቤት እባረራለሁ። እማዬ ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ደርሳ ሥራዋን ታጣለች። ስሟንም። 

ለኔ ብላ ነው ደግሞ። ያ አለ። ለኔ ብላ ሰርቃ ከሆነ እኔ ምን ልባል?

የካቲት 23፣ ዓርብ

እማዬ ምሳዋን ረስታ ሄደች። እውነቱን ልጻፍ፤ ከበሩ ኋላ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሰበብ ፈልጌ ነው።

ምሳውን ለዘበኛው መስጠት ስችል ዋርዶቹን ዞርኩ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ጋሪ ሲያልፍ ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የሁሉንም ነርስ ኪስ እያየሁ ሄድኩ። ሰው ቢያየኝ ኪስ አውላቂ ይለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሲስተር... ሽበት ጣል ያደረገባት፣ ቀጥ ያለች። እስክሪብቶዋ ላይ ቀይ ነጥብ። የቴርሞሜትሯ ማኅደር ላይ ቀይ ነጥብ። የሻይ ኩባያዋ እጀታ ላይ ሳይቀር።

ያው ቀይ ነው። ምንም ጥርጥር የለውም።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

መለስኩት።

በሐሳቤ ነገሩ ቀላል ነበር። መቀሱ ባለቤቱ ጋ ይገባል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም፣ እማዬም ጠፋ ብዬ እነግራታለሁ። ሲስተሯን ኮሪደር ላይ አገኘኋት።

"ሲስተር፣ ይሄ የእርስዎ መሰለኝ። እዚህ ደጅ ላይ ወድቆ አገኘሁት።"

ተቀበለችኝ። አገላበጠችው። ቀለበቱ ውስጥ አየች። "ይሄ መቀስ እኮ ከጠፋኝ ስንት ጊዜው ነው! እንዴት ሆኖ ዛሬ ደጅ ላይ ይወድቃል?"

ወደ በሩ አየሁ።

"ደግሞ በረኪና ይሸታል።" ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ረጅም ጊዜ። "ቆይ... አንቺ የልብስ አጣቢዋ ልጅ አይደለሽም? ቁርጥ እናትሽን እኮ ነሽ።"

"አይደለሁም" አልኳት።

ወጥቼ እስከ ዋናው መንገድ ሮጥኩ። ለምን ሮጥኩ? የሚሮጥ ማን ነው?

የካቲት 25፣ እሑድ

ምንም አልተፈጠረም። እማዬ አንሶላ አጠበች፣ ዘፈነችም። ስለ መቀሱ አልጠየቀችኝም፤ አሁንም ከድስቱ አውጥታ የጠቀለለችበት ጨርቅ ውስጥ ያለ መስሏታል።

ምንም አለመፈጠሩ ራሱ ያጠራጥራል።

የካቲት 26፣ ሰኞ

ተፈጠረ።

ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ መጣች። ሻሿን ሳትፈታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሻሿ ወጣ ያለ ፀጉሯ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። ከሥራ መሀል ነው ያስወጧት።

ቁም ሳጥኗን አስከፍተዋታል። ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት። ማበጠሪያዋ፣ ሳሙናዋ፣ ትርፍ ነጠላ ጫማዋ ወጣ። ከሥር በንጹሕ ላስቲክ የተጠቀለለ ሜትር ተገኘ። የኔ ሜትር። "ከየት አመጣሽው?" አሏት። ልክ እንደኔ። እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ ተብላ መጣች።

"መቀሱን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማዬ።"

"ለምን ሳትነግሪኝ?"

ምን ልበል? አንቺን ላድን? እኔን ላድን? ሁለቱንም ለማለት ሞከርኩ፤ አንዱም በደንብ አልወጣ አለኝ።

አቋረጠችኝ። "ሲስተሯ ሰው ሁሉ ፊት ምን አለች መሰለሽ? 'ልጅቷን የእሷ ልጅ ነሽ ወይ ብያት አይደለሁም ብላኛለች።'"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

"መቀሱስ ይሁን" አለች። ከዚያ ተነስታ ልብሷን ልትቀይር ገባች። እራት አቀረበች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

እማዬ ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ሬዲዮ መጣች። ዛሬ አላንሾካሾከችም።

"ዓቃቤ ሕግ! ነይ ተቀመጪ፣ ችሎት ነው!"

ተቀመጥኩ።

"ጋውን ሲመጣልን መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?"

"ታጥባላችሁ።"

"ኪስ እናያለን! መቀስ ያለበት ጋውን ማሽን ቢገባ ማሽኑ ይሰበራል፤ የሚጠየቀው እኛ ነን። ሐኪም ይረሳል፣ ነርስ ይረሳል። እስክሪብቶ፣ ሰዓት፣ ባትሪ፣ አንዴማ የሰው ጥርስ! ያገኘነውን ካውያ ቤት መስኮት ላይ ቆርቆሮ አለች፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ እዚያ እናስቀምጣለን። ዋርዱን እንነግራለን። የመጣ ይወስዳል። ዓመት ሞልቶት ያልተጠየቀውን በየተራ እንካፈለዋለን። ይሄ እኔ ስቀጠርም ነበር፣ እናትሽ ስትቀጠርም ነበር። የሰው ነገር አስቀርተን አናውቅም። ተራው የደረሳት ለልጇ እስክሪብቶ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ሰዓት ትሸጣለች። ዘንድሮ ሁላችንም ተራችንን ለእናትሽ ተውን። 'ልጄ ነርስ ልትሆን ነው' ብላ ክፍሉን ስታደነቁረው ምን እናድርግ?"

"መቀሱስ?"

"እኔው ራሴ ዋርድ ድረስ ወጥቼ ነግሬያታለሁ! 'አዲስ ገዝቻለሁ፣ ተዉት' አለች። ረስታዋለች። ስንት ነገር ነው የምትረሳው፤ ለዚያ አይደል ሁሉን ቀይ የምትቀባው?"

"ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ?"

ሬዲዮ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ "ከቆሸሸ ጋውን ኪስ የወጣ ነው ብንልሽ ትነኪው ነበር?" አለችኝ። "እናትሽ ፈራች። ሥራዬን ታፍርበታለች አለችኝ። ታውቃለች።"

ታውቃለች። አስተዳደር አካባቢ... ለማንም አልነገርኩም ነበር ያንን። ግን ታውቃለች።

ለካ ቤቱ ውስጥ የምጠረጥረው እኔ ብቻ አልነበርኩም። እሷም ጠርጥራኛለች። የእሷ ደግሞ ልክ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ለአለቆቹ አልነገራችሁም?"

"ነገርን። ማን ይሰማናል? አንዲት ልጅ 'ደጅ ላይ ወድቆ አገኘሁ' ብላ መጥታ ሮጣ ሄዳለች። ውሸቱ የአንቺ ነው፣ የእናትሽ አስመሰለው።"

ይሄን ብላ ስትሄድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ያ ከሁሉ የባሰ ከበደኝ።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

ሄድኩ። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ቢሮ፣ ሲስተሯም ተጠርታ። ሰዓቱን፣ ባትሪዋን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ባትሪዋ ተንከባላ ወደቀች፤ ማትሮኗ አንስታ ሰጠችኝ።

"ልጇ ነኝ" አልኩ። መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። "መቀሱ ደጅ ላይ አልወደቀም። ከቤታችን ነው የወሰድኩት። እናቴን የጠረጠርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።" ከዚያ ስለ ቆርቆሮዋ፣ ሬዲዮ ዋርድ ወጥታ ስለመንገሯ ተናገርኩ። እንደ ሬዲዮ አሳምሬ አልተናገርኩም።

ሲስተሯ መቀሱን በጣቷ እያዞረች ቆየች። ጥፋቷን አታምንም ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ያላቸው ሰዎች አያምኑም...

"አዲስ ገዝቻለሁ ብዬ ይሆናል" አለች። ቆየችና "ብያለሁ። አሁን ትዝ አለኝ። ተዉት ብያለሁ" አለች። መቀሱን ወደኔ ገፋችው። "ተዉት ካልኩ የኔ አይደለም።"

ሰው ፊት ላይ የማነብበውን ነገር ሁሉ እንደገና ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም።

እማዬ ነገ ሥራ ትገባለች። ሰዓቱም ባትሪዋም ሜትሩም የኔ ሆኑ። ቆርቆሮዋ ግን ተከለከለች። ከዛሬ ጀምሮ ከኪስ የተገኘ ዕቃ በሙሉ ንብረት ክፍል ይመዘገባል፣ ማንም አይካፈልም። ማትሮኗ "ለራሳቸው ጥበቃ ነው" አለች። እውነቷን ይሆናል።

ወርጄ ልብስ ማጠቢያውን በበር አየሁት። ሴቶቹ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። መስኮቱ ላይ ቆርቆሮዋ የነበረችበት ቦታ ክብ ምልክት ቀርቷል። ቀጣዩ ተራ አንሶላ የምታጥፈው የዝምተኛዋ ሴትዮ ነበር አሉ። "ይቅርታ" አልኳት። "ምን ታደርጊ" አለችኝ፤ ማጠፏን ቀጠለች።

ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም አለች እማዬ።

መጋቢት 3፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀን። አስተማሪዋ ዕቃችንን ጠረጴዛ ላይ አስደርድራ እየዞረች ታያለች። የሁሉም ከላስቲኩ ገና የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ። የኔ ጋ ቆመች። መቀሱን አነሳች።

"ይሄ ያገለገለ ነው። ከየት አመጣሽው?"

ያቺው ጥያቄ። ስንቴ ጠየቅኋት እማዬን!  መነጽር ያደረገችው ልጅ አጠገቤ ናት።

"እናቴ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው የምትሠራው። ጋውን ሲመጣ ከኪስ የሚገኝ ዕቃ አለ። ባለቤቷ ፈቅዳልኝ ነው።"

"ይቆርጣል?"

"ይቆርጣል።"

"እንግዲያው ምን ቸገረን" ብላ አለፈች።

ስንወጣ ባለመነጽሯ "አስተዳደር አላልሽኝም ነበር?" አለችኝ። "ዋሽቼሽ ነው" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "አክስቴም እኮ ነርስ አይደለችም፣ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው" አለች። የጥፍር ቀለሙን ጉዳይ ግን ከነርሶች ሰምታ ነው አለች። አመንኳት። ለዛሬ።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

ለማየት ብቻ ተብለን ዋርድ ወጣን። ማታ ጋውናችንን ልብስ ማጠቢያው መስኮት ላይ አስረከብን። ተቀባይዋ እማዬ ናት። ሰልፉ ውስጥ እንደማንም ቆምኩ። እሷም እንደማንም ተቀበለችኝ፤ መጀመሪያ እጇን ኪሴ ውስጥ ከተተች። ግራ፣ ቀኝ፣ የደረት። ሦስቱንም አራግፌ ነበር የመጣሁት።

"ባዶ ነው" አለች ወደ ውስጥ።

ከካውያው በኩል ድምጽ መጣ። ድምጿ! "ባዶ? ምን ዓይነት ነርስ ናት ምንም የማትረሳ!"

ሴቶቹ ሳቁ። ዝምተኛዋም። ከቆርቆሮዋ ወዲህ ሲስቁ መስማቴ ነው። እማዬ ግን እጇን ከኪሴ አላወጣችም ነበር፤ ጨርቁን ትንሽ ጨበጥ አድርጋ ያዘችው።

መጋቢት 21፣ ዓርብ

ዛሬ ኪሴን ሞላሁት። ከረሜላ፣ ሦስቱንም ኪስ። ንብረት ክፍል ከረሜላ አይመዘግብም፤ ሄጄ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እማዬ እጇን ስትከት ፊቷን አየሁት። ደነገጠች፣ አወጣችው፣ አየችኝ። ምንም አልነገርኳትም። ቀጣይዋ ተማሪ እየገፋችኝ ወጣሁ። የሬዲዮ ድምጽ መንገዱ መሀል ሳይቀር ይሰማል፤ "ዓቃቤ ሕጓ ረስታለች! ኑ፣ ዓቃቤ ሕጓ ረስታለች!"

እማዬ አመሻሽ ላይ መጣች። አንድ ጉንጯ አብጧል።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ተሰጠኝ" አለች።